ሬዚደንቱ ለምን አልደወለም? «ጥብቅ እጅ» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐኪሞች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ጥብቅ እጅ» ይላል። ጸሐፊው ለብዙ ዓመታት ስፔሻሊስቶችን ያሠለጠኑ አንጋፋ ሐኪም ናቸው። ስማቸውን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ክርክሬ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የዛሬ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ልፍስፍስ ሆነዋል። ሲኒየሩን፣ ማለትም አሠልጣኝ ስፔሻሊስቱን፣ የማይፈራ ሬዚደንት አያነብም። ሞርኒንግ (ኬዝ የሚቀርብበት የጠዋት ስብሰባ) ላይ መዋረድ እኛን አልገደለንም፤ እንዲያውም ሰው አደረገን። ያላወቀ ደውሎ ይጠይቅ፤ ካልደወለ ጥፋቱ የራሱ ነው። የሥራ ሰዓት መቀነስን አሜሪካኖች ሞክረውት ምንም አላተረፉም። አሠልጣኝን በሠልጣኝ ማስገምገም ደግሞ ከባህላችን ጋር አይሄድም። በመጨረሻም ከሬዚደንት ጋር ቡና የሚጠጣ ሲኒየር በኋላ ሊጥለው አይችልም ይላሉ።

እኔም ሬዚደንት ነበርኩ። አሁን ደግሞ አሠለጥናለሁ። ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሲኒየሩና ስለ ሬዚደንቱ ብዙ ይላል። አልጋ ላይ ስለተኛው በሽተኛ ግን ምንም አይልም ማለት ይቻላል። ዝም ያላስባለኝም እሱ ነው።

«ፍርሃት ያስነብባል» የሚለው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ነገ ጠዋት ኬዝ የሚያቀርብ ሬዚደንት ዱቲ (የሌሊት ተረኝነት) ላይ ሆኖም መጽሐፍ ይገልጣል። ችግሩ የሚያነበው ነገር ላይ ነው። ሲኒየሩን የሚፈራ ሬዚደንት የሚያጠናው ሲኒየሩን ነው። ዶክተር እገሌ ምን መጠየቅ ይወዳሉ? ከበላዩ ያሉትን ሬዚደንቶች ይጠይቃል። አንዱ ብርቅዬ ሲንድረም ይወዳሉ፤ ሌላዋ የመድኃኒት ዶዝ። ለዚያ ይዘጋጃል። 12 ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት እማማ ከትናንት ጀምሮ ሽንታቸው ለምን እንደቀነሰ ግን ላያስብበት ይችላል።

ከዚህ የሚከፋም አለ። የፈራ ሰው ክፍተቱን ይሸፍናል። ገና ያልደረሰ የፖታሲየም ውጤት «ኖርማል ነው» ይባላል። በወጉ ያልተደመጠ ደረት «ክሊር ነው» ተብሎ ይቀርባል። ሬዚደንቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። «አላየሁትም» ማለት በሰው ፊት የሚያስከፍለው ዋጋ ሲበዛ ሰው ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። የ«ጥብቅ እጅ» ጸሐፊ ዶክተሩም የሚያውቁት ይመስለኛል።

ኤሚ ኤድመንሰን የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንተው ነበር። ጥሩ መሪ ያለው ክፍል ስህተቱ ያንሳል ብለው ነበር የጠበቁት። ቁጥሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆነባቸው። ጥሩ መሪ ባላቸው ክፍሎች የተመዘገበው ስህተት በለጠ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ በእነዚያ ክፍሎች ሰው ስህተቱን ለመናገር አይፈራም ነበር። አለቃው በሚፈራበት ክፍል ግን ስህተቱ ይደበቃል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስለዚህ አንድ ሲኒየር «በእኔ ዎርድ ስህተት የለም» ካሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስህተት የነገራቸውን ሰው ምን እንዳሉት ነው።

«አልገደለንም» ወደሚለው ልምጣ። ይህን የሚሉት ያለፉት ናቸው። መሃል ላይ ለቅቀው የሄዱት፣ ሙያ የቀየሩት፣ አገር ጥለው የወጡት በዚህ ቆጠራ ውስጥ የሉም። ደግሞስ ያለፍነው በስድቡ ነው ወይስ ስድቡን ችለን? ካሠለጠኑኝ ሁሉ ብዙ ያስተማሩኝ ሐኪም በጣም ጥብቅ ነበሩ። ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) በደንብ ካልወሰድክ ወደ በሽተኛው መልሰው ይልኩሃል። ሌሊት ስትጠራቸው ይመጣሉ። «ምን አየህ? ምን አሰብክ? ምን አሰጋህ?» ይላሉ። ያጠፋኸውን ቢሯቸው አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ምንም ሳይሸፋፍኑ ይነግሩሃል። ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ጥብቅነት ይህ ከሆነ እኔም ከዶክተሩ ጋር ነኝ። ጽሑፋቸው ግን ጥብቅነትንና ማዋረድን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው ያቀረበው።

ማዋረድ ምን እንደሚያስከትል ያየሁትን ልናገር። ሬዚደንት ሳለሁ አብራኝ የምትሠለጥን ሐኪም ነበረች። አንድ ቀን ራውንድ (በሽተኞችን በቡድን እየዞሩ ማየት) ላይ ሲኒየሩ በአስታማሚዎች ፊት ሰደቧት። ራውንዱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ስድቡ ግን በጥርት ያለ አማርኛ ወረደ። የበሽተኛው ልጆች አንድም ሳይቀራቸው ሰሙ። ከሰዓት መድኃኒት ልታዝ ስትመለስ «ሌላ ሐኪም ጥሩልን» አሏት።

ዱቲዋ በዚያው ሌሊት ነበር። አንድ አባት ደም ማስታወክ ጀመሩ። ደም አዘዘች፣ ፈሳሽ አስጀመረች፣ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) እንደሚያስፈልጋቸውም ገብቷታል። ተረኛው ሲኒየር ግን ጠዋት የሰደቧት ሰው ነበሩ። ለእኔ ደወለች። «አሁኑኑ ደውዪላቸው» አልኳት። «ቆይ ትንሽ ልየው» አለች። ቀጥላ ለሌላ ሬዚደንት ደወለች። ለሲኒየሩ የደወለችው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሰውየው ተርፈዋል። የባከኑት ሰዓታት ግን የእሳቸው ነበሩ። በማንም ቁጣና በማንም ፍርሃት መባከን አልነበረባቸውም።

ይህ የአንዲት ልጅ ድክመት ነው የሚል ካለ የእስራኤሉን ጥናት ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የታተመው። ጨቅላ ሕፃናትን የሚያክሙ 24 ቡድኖች በአሻንጉሊት ሕፃን ላይ እንዲሠሩ ተደረገ። ሕፃኑ አንጀቱ ታሞ እየደከመ የሚሄድ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ባለሙያ ያያችኋል ተብሎ ተነገራቸው። ለግማሾቹ ባለሙያው ተራ ንግግር ተናገረ። ለግማሾቹ ደግሞ በአገራቸው ሕክምና እንዳልተደነቀ፣ እሱ ክፍል ቢሆኑ ሳምንት እንደማይቆዩ ነገራቸው። ስለ ሥራቸው አንድም ቃል አልተናገረም። የሰጠው ንቀት ብቻ ነው። የትኛው ቡድን እንደተናቀ የማያውቁ ዳኞች ሲመዝኗቸው፣ የተናቁት ቡድኖች በሽታውን በመለየትም በእጅ ሥራም አንሰው ተገኙ። መረጃ መለዋወጥና እርዳታ መጠየቅም ቀነሱ። እነዚህ ተማሪዎች አልነበሩም፤ በየቀኑ ሕፃናት የሚያክሙ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። በአንድ እንግዳ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይህ ከሆነ፣ ፈተናህን በሚያርመው ሰው ሲሆን ምን ሊሆን ነው?

በጣም ያሳዘነኝ ነጥብ «ካልደወለ ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚለው ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ይፍሩን» ብሎ ጀምሮ «ይደውሉልን» ብሎ መጨረስ አይቻልም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልክ የያዘ አር ዋን (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት) ሁለቱን ማስታረቅ አይችልም። የሚያደርገውን እናውቃለን። ለአር ቱ ይደውላል። አር ቱም ለአር ስሪ። እየተንከባለለ ይነጋል።

ሌላም ነገር አለ። ጀማሪ ሐኪም እንደማያውቅ ላያውቅ ይችላል። ቢያውቅማ ሬዚደንት ባልሆነ። «ያላወቀ ይጠይቅ» የሚለው ሕግ የሚሠራው ክፍተቱን ለሚያይ ሰው ነው። ክፍተቱን የማየት ኃላፊነት የተሰጠው ደግሞ ለአሠልጣኙ ነው።

በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 የሆነውን ብዙ ሐኪሞች ያውቁታል። የ6 ዓመት ልጅ በሴፕሲስ (መላ ሰውነትን በሚጎዳ ከባድ ኢንፌክሽን) ሞተ። ያየችው ሠልጣኝ የሕፃናት ሐኪም ከወሊድ እረፍት በቅርቡ የተመለሰች ነበረች። ኃላፊው ስፔሻሊስት (ኮንሰልታንቱ) በዚያ ቀን ሌላ ከተማ ሊያስተምሩ ሄደው ነበር። የሆስፒታሉ ኮምፒውተርም ተበላሽቶ የላቦራቶሪ ውጤት ዘገየ። ከሰዓት በኋላ ኮንሰልታንቱ ተመልሰው ርክክብ ሲደረግ የልጁ ደም አሲድ መሆኑንና የከባድ ሕመም ምልክት የሆነው ላክቴት በጣም መጨመሩን ነገረቻቸው። ቁጥሩን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ልጁን ግን ሄደው አላዩም። በኋላ ፍርድ ቤት የሰጡት ምክንያት ጉዳዩን አጥብቃ ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር የሚል ነው። እሷ በ2015 ተፈረደባት፤ በ2018 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘች፤ በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መለሳት። የሠራቻቸው ስህተቶች ነበሩ፤ አልክድም። ነገር ግን ያን ያህል የሚያስደነግጥ ቁጥር የሰማ አሠልጣኝ ከወንበሩ ለመነሳት ልመና ሊጠብቅ አይገባም። ሬዚደንት ቁጥሩን ከነገረህ ነግሮሃል ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በአሜሪካ የሐኪሞች ሥልጠናን የሚቆጣጠረው ተቋም እያንዳንዱ ፕሮግራም ሬዚደንት የግድ መደወል ያለበትን ሁኔታ አስቀድሞ እንዲወስን ያዛል። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ሲኖር ሬዚደንቱ «ልደውል ወይስ አልደውል» ብሎ አይጨነቅም። በሽተኛ ወደ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሊሄድ ነው? ትደውላለህ። ፈሳሽ ሰጥተህ የደም ግፊቱ አልነሳ አለ? ትደውላለህ። ድንገተኛ ኦፕሬሽን ሊደረግ ነው? ቤተሰብ በሽተኛውን ይዞ ልውጣ አለ? ሲስተር ነገሩ አላማራትም? ትደውላለህ። ሲኒየሩም «ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ?» የማለት ሰበብ አይኖራቸውም፤ ዝርዝሩ ላይ ፊርማቸው አለ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። አንድ ወረቀት ዱቲ ሩም ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ፕላስተር ይበቃል።

በሰዓት ጉዳይ ዶክተሩ የጠቀሱት ነገር በከፊል እውነት ነው። የአሜሪካው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ በተከታታይ ከ16 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ አዞ ነበር። በ2016 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ግን 117 የቀዶ ሕክምና ፕሮግራሞችን አወዳድሮ፣ ሰዓቱ ላላ ባለባቸው ፕሮግራሞች የበሽተኞች ሁኔታ እንዳልከፋ አሳየ። በ2017 ገደቡ ወደ 24 ሰዓት ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል። ዶክተሩ ያልነገሩን የታሪኩን መጀመሪያ ነው። ያም ተቋም ቢሆን የሳምንቱን 80 ሰዓት ጣሪያ አላነሳም።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ተማሪ ትኩሳትና መቁነጥነጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። የድብርት መድኃኒት ትወስድ ነበር። ከዚያ መድኃኒት ጋር መሰጠት የሌለበት ፔቲዲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። ጠዋት ላይ ሞተች። ሌሊቱን ያዩዋት ኢንተርን (ጀማሪ ሐኪም) እና የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነበሩ። ኃላፊው ሐኪም በስልክ ተነጋገሩ እንጂ አልመጡም። አባቷ ጋዜጠኛ ነበሩና ጉዳዩን አልለቀቁትም። በርትራንድ ቤል የሚባሉ ሐኪም የመሩት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከ1989 ጀምሮም በኒው ዮርክ የሳምንት ሥራ ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደረገ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ቁጥር ነው። ቤል ራሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሲወተውቱ የነበሩት ሌላ ነገር ነው። ዋናው ቁልፍ ሰዓት ሳይሆን ክትትል ነው እያሉ ጽፈዋል። ልምድ ያለው ሐኪም ከሬዚደንቱ አጠገብ ይኑር ነው ያሉት። ዶክተሩ ለመከራከሪያ ያመጡት ታሪክ እንግዲህ ከእሳቸው ጋር አይቆምም።

እዚህ ላይ ለአሠልጣኞች የምሟገትበት ነገር አለ። ብዙ ሲኒየር ከሰዓት ወደ ግል ክሊኒክ የሚሮጠው ደመወዙ ስለማያኖረው ነው። አንድ ሲኒየር ዎርዱን፣ ተመላላሽ ክፍሉን፣ የሕክምና ተማሪዎችን፣ ኢንተርኖችንና ሬዚደንቶችን በአንድ ጊዜ ይይዛል። የደከመ ሰው ይቆጣል። ይህን የሚቀይረው በጀት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹና ጤና ሚኒስቴር ሊጠየቁበት ይገባል። ዶክተሩ ስለዚህ ቢጽፉ ኖሮ ሬዚደንቶቹም ከጎናቸው ይቆሙ ነበር። ድካማቸውን ሁሉ ግን የሬዚደንቱ ልፍስፍስነት ያመጣው አድርገው አቀረቡት። ጠዋት ገብቶ በማግስቱ ከሰዓት የሚወጣን ልጅ ልፍስፍስ ማለት ይከብዳል።

«ባህላችን አይፈቅድም» ለሚለው ባህሉን በደንብ እንየው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል። ነገ ተመልሶ ሌላ ይዞ ይመጣል። ትምህርቱ የቆመው ተማሪው በየዕለቱ ያልተጠናቀቀ ሥራውን አውጥቶ በማሳየቱ ላይ ነው። በመጽሐፍ ቤትም አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ መተርጎም ያለ ነገር ነው። ታላቅን ማክበር አለ፤ እኔም አከብራለሁ። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለውም የዚሁ ባህል ነው።

ሬዚደንት አሠልጣኙን መገምገሙ ሌላ ቦታ የተለመደ ሥራ ነው። በአሜሪካ ሬዚደንቶች አሠልጣኞቻቸውን ቢያንስ በዓመት አንዴ በምስጢር ይገመግማሉ። ፕሮግራሙን በሚገመግመው ኮሚቴ ውስጥም ሬዚደንት የግድ ይኖራል። በእንግሊዝ የሐኪሞች ምክር ቤት ሠልጣኞችንም አሠልጣኞችንም በየዓመቱ ይጠይቃል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። በአንድ ዓመት አራት ወይም አምስት ሬዚደንት ባለበት ክፍል ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የጻፈው ማን እንደሆነ በእጅ ጽሑፉ ይታወቃል። ስለዚህ ቅጹ በዲፓርትመንቱ ውስጥ መሰብሰብ የለበትም። ኮሌጁ ይሰብስበው። የብዙ ዓመት ሬዚደንቶች መልስ ተጠራቅሞ ለአሠልጣኙ አንድ ላይ ይድረስ። ለአሠልጣኙም ይሻላል፤ የአንድ ቂመኛ ሰው ቃል በብዙዎች መሃል ይጠፋል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር ደግሞ አለ። ስለ ሴት ሬዚደንቶች አንድ ቃል የለውም። ሮቴሽንሽን (በየክፍሉ የምትሠለጥኚበትን ጊዜ) የሚፈርም፣ ቲሲስሽን (የመመረቂያ ጥናትሽን) የሚያማክር፣ የመጨረሻ ፈተናሽ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሥራ ውጪ ሌላ ነገር ሲፈልግ «አይሆንም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ሴቶቹ ያውቁታል። በየኮሪደሩ የሚነገር ነገር ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን አይነሳም። ያረገዘች ሬዚደንት «አሁን ጊዜው ነበር?» ስትባልም እንሰማለን። አሠልጣኝ ሁሉ መፈራት አለበት የምንል ከሆነ ለእንደዚህ ዓይነቱም አሠልጣኝ ፈቃድ ሰጠን ማለት ነው። ቅሬታ የሚቀበል፣ ከዲፓርትመንቱ ውጪ የሆነ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም።

የቡናው ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። ሬዚደንት ጓደኛዬ ይሁን አላልኩም። መውደቅ ያለበት ይውደቅ። ግን የሚወድቅ ሬዚደንት ውጤቱን በመጨረሻው ቀን ነው መስማት ያለበት? ከስድስት ወር በፊት ቁጭ አድርጎ «እዚህ ጋ ደክመሃል፤ ይህን አንብብ፤ በሳምንት አንዴ አብረን በሽተኛ እንይ» ማለት ይቻላል። ያንን ንግግር ቡና እየጠጡ ማድረግ ፈተናውን አያቀልለውም።

ይህ ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ሥልጠና አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አገሪቱ የነበሯት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከእኛዎቹ ጋር አብረው አስተማሩ። ከእነሱም ጋር የራሳቸው ሬዚደንት ይመጣ ነበር። ሠልጣኞቹ በሽተኛ ሲያዩ አሠልጣኝ አጠገባቸው ተቀምጦ ያይ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አብዛኞቹ እዚሁ አገር ቀርተዋል፤ ማሠልጠን የጀመሩም ከእነሱ መካከል አሉ። በችግር ላይ ችግር ባለበት አገር፣ ያውም በጣም ጥቂት አሠልጣኝ ይዞ የተሠራ ሥራ ነው።

እኔ ባለሁበት ክፍል የግድ የሚደወልባቸውን ሁኔታዎች ዝርዝር ማርቀቅ ጀምረናል። ሬዚደንቶችም ነርሶችም ተቀምጠውበታል። ዶክተሩ ከእኛ ብዙ በሽተኛ አይተዋል፤ እኛ የማናስበውን አደጋ ያውቃሉ። ረቂቁን ልንልክላቸው ዝግጁ ነን። የጎደለውን ቢጨምሩልን፣ እሳቸውም በክፍላቸው ፈርመው ቢለጥፉት ደስ ይለናል።